ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሐሞት ቱቦ ችግር ቢመጣ፦ በጊዜ ለይቶ በትክክለኛው ቦታ ለመታከም ዝርዝር መመሪያ

የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በሰላም ያልቃል። ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥም ሥራውን ይጀምራል። በጥቂቶች ላይ ግን ሐሞት ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል፣ ቱቦው ይዘጋል ወይም ይቆረጣል። ዋናው ቱቦ ላይ የሚደርስ ጉዳት ከ1000 ታካሚ ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይታያል። ከትንንሾቹ ቱቦዎች የሚፈሰው ትንሽ ይበዛል፤ ከ100 ሰው ወደ 1 ይጠጋል።

ይህን የጻፍኩት ሰዎች ተመሳሳይ ስህተት ደጋግመው ስለሚሠሩ ነው። ትኩሳት ሲመጣ "ታይፎይድ ነው" ይባላል። ሆድ ሲያም "ጨጓራ ነው" ይባላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን "ወፍ ነው" ይባልና ቅጠል ይፈለጋል። በዚህ መሀል ቀናት ይሄዳሉ። በጊዜ የተያዘ የሐሞት መፍሰስ ብዙ ጊዜ ያለ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይድናል። የቆየው ግን መግል ይይዛል፣ ኢንፌክሽኑም ወደ ደም ይገባል።

መመሪያው ለታካሚም ለአስታማሚም ነው። እንዲያውም ለአስታማሚው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ታካሚ "ደህና ነኝ" ማለት ያበዛል።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁ

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ከረጢቱ ቢወጣም ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ማምረቱን ይቀጥላል። ሐሞቱ በዋናው ቱቦ ወርዶ ትንሹ አንጀት ውስጥ ይገባል።

ከረጢቱ ከዋናው ቱቦ ጋር የሚገናኘው በአጭር ቀጭን ቱቦ ነው። ሐኪሙ ይህችን ቀጭን ቱቦ በክሊፕ ቆልፎ ይቆርጣታል። ክሊፑ ሊላቀቅ ይችላል። ከረጢቱ ተጣብቆበት ከነበረው የጉበት ገጽ ላይ ያለች ትንሽ ቱቦ ልታፈስ ትችላለች። ጠጠር ዋናው ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ሊዘጋው ይችላል። ከሁሉም የከፋው ዋናው ቱቦ ራሱ ቀጭኗ ቱቦ መስሎ ሲቆለፍ ወይም ሲቆረጥ ነው። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከረጢቱ በጣም ተቆጥቶ አካባቢው ሲጣበቅ ነው።

ደረጃ 1፦ ከሆስፒታል ሳትወጡ ወረቀቱን ያዙ

1. የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ቅጂ ጠይቁ። የመውጫ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ሪፖርቱ ከረጢቱ ምን ያህል ተቆጥቶ እንደነበር፣ በካሜራ ተጀምሮ ሆድ ተከፍቶ ያለቀ መሆኑን፣ ከረጢቱ ተቀዶ ጠጠር ሆድ ውስጥ ተበትኖ እንደሆነ ይናገራል።
2. ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሠሩትን የጉበት ምርመራና የአልትራሳውንድ ውጤቶች ውሰዱ። በኋላ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚወዳደረው ከእነዚህ ጋር ነው።
3. ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቁ፦ "ሥራው ከባድ ነበር? ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ነው የወጣው ወይስ በከፊል? ድሬን ተትቷል?" ድሬን ማለት ፈሳሽ ወደ ውጭ የሚያወጣው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ከረጢቱ በከፊል ብቻ ከወጣ ሐሞት የመፍሰስ ዕድሉ ይጨምራል።
4. ሌሊትና በበዓል ቀን የሚደወልበትን ስልክ ያዙ።
5. ሁሉንም ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለአንድ የቤተሰብ ሰው ላኩ።

*ሪፖርቱን ካልሰጧችሁ፦* በካርድ ክፍል በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። ቢያንስ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ቀኑና ያጋጠመ ችግር ካለ እሱ በመውጫ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። በዓረብ አገር የታከማችሁ እህቶች፣ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ጠይቁ። አገር ቤት ስትመለሱ ዓረብኛውን የሚያነብ ሐኪም ላይገኝ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ

ቴርሞሜትር ግዙ። በእጅ ግንባር ነክቶ ትኩሳትን መለካት አይቻልም። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ታካሚው አጠገብ ይቀመጥ።

የምትሄዱበትን ሆስፒታል አስቀድማችሁ ወስኑ። ቅርብ ያለው ክሊኒክ ለዚህ አይሆንም። ቀዶ ሐኪም፣ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ ያስፈልጋል። ኢአርሲፒ የሚባለው ሕክምና (ደረጃ 7ን ተመልከቱ) የት እንደሚሠራም ጠይቁና ጻፉ። በኢትዮጵያ ይህ የሚሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ከክልል መጥታችሁ የታከማችሁ፣ የሚያሳድር ዘመድ ካላችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው ቆዩ። የሐሞት መፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በዚያ ሳምንት ነው።

የአምቡላንስ ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998 ነው።

ደረጃ 3፦ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ክትትል

ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ። ብዙ ጊዜ አይወስድም።

1. ሙቀት ለኩ። ማስታገሻ ከመዋጣችሁ በፊት ይሁን። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ስለሚያወርደው ከዋጣችሁ በኋላ ብትለኩ ትታለላላችሁ።
2. የልብ ምት ቁጠሩ። ታካሚው አሥር ደቂቃ አርፎ፣ በእጅ አንጓው ላይ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። አርፎ ሳለ ከ100 በላይ ከሆነ ጻፉት።
3. ሕመሙን ጠይቁ። ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? የት ነው? ከትናንት ይሻላል ወይስ ይብሳል?
4. ሆዱን እዩ። ነፍቷል? ሲነካ ይጠነክራል? ጋዝ ወጥቷል?
5. ዓይኑን በቀን ብርሃን እዩ። በር ላይ ወይም መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ ነጩን ክፍል ተመልከቱ። ምላሱን ወደ ላይ አንስቶ ከሥሩም ይታይ። በጠይም ቆዳ ላይ ቢጫነት ቶሎ አይታይም፤ ቆዳውን አይታችሁ አትወስኑ። በአምፖል ብርሃንም አትፍረዱ።
6. ሽንትና ሰገራ ጠይቁ። ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል? ሰገራው ነጣ፣ አመዳማ ሆኗል? ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል። እናንተ ጠይቁት።
7. ቁስሉንና ድሬኑን እዩ። አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ቡናማ ፈሳሽ ከወጣ ሐሞት ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም ከነሰዓቱ ጻፉ። መለኪያው አንድ ነው፦ ዛሬ ከትናንት መሻል አለበት። ቀስ ብሎም ቢሆን መሻል አለበት። በሦስተኛው ቀን ከሁለተኛው ቀን የባሰበት ታካሚ ሐኪም ማየት አለበት፤ ትኩሳት ባይኖረውም።

ደረጃ 4፦ የተለመደውን ከአደገኛው ለዩ

*የተለመደው፦* የትከሻ ሕመም ለሁለት ሦስት ቀን። ይህ የሚመጣው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሆድ ውስጥ ከተነፋው ጋዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽ፣ እምብርት አካባቢ መበለዝ፣ ለጥቂት ሳምንታት ላላ ያለ ሰገራም ያጋጥማል።

*በዚያው ቀን ለቀዶ ሐኪሙ የሚደወልበት፦*
- ምግብ የመብላት ፍላጎት ጭራሽ ሲጠፋና ሆድ እየነፋ ሲሄድ
- ሕመሙ መቀነሱን አቁሞ መጨመር ሲጀምር
- ሰውነት ሁሉ ሲያሳክክ
- ሽንት ሲጠቁር ወይም ሰገራ ሲነጣ

*ሳይደወል ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚኬድበት፦*
- 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ በተለይ ከሚያንዘፈዝፍ ብርድ ጋር
- የዓይን ቢጫ መሆን
- መላ ሆድ ጠንክሮ ሲነካ የሚያም ከሆነ
- ተደጋጋሚ ትውከት
- ከቁስሉ ሐሞት የሚመስል ፈሳሽ መውጣት
- መደናገር፣ ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የሽንት መቀነስ
- ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሰገራ

ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በእነዚህ ነው።

አንደኛው "ዓይኑ ቢጫ አይደለም፣ ስለዚህ ሐሞት አይደለም" ማለት ነው። ቱቦው ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሐሞት ወደ ሆድ ሲፈስ ግን ዓይን ነጭ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው "ብዙም አያመውም" ማለት ነው። ኢንፌክሽን ያልገባበት ሐሞት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መንፋት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሊያመጣ ይችላል። ከባዱ ሕመም የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ስለ ወፍ በሽታ። ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ የመጣ ቢጫነት፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የቱቦ መዘጋት ነው ብላችሁ ያዙት። የተዘጋን ቱቦ ቅጠል አይከፍተውም። አንዳንዱ የባህል መድኃኒት ደግሞ የተጨነቀውን ጉበት ይጎዳል። "ወፍ መርፌ አይወድም" ተብሎ ሆስፒታል ከመሄድ የሚከለከል ሰው አለ። ይህ ታካሚ ግን ሊያድነው የሚችለው በመርፌ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ነው። እናትም አያትም ቢሉ፣ በአክብሮት እምቢ በሉ። ሆዱንም ማንም አይሽ፤ ወጌሻ ጋ አትውሰዱት።

ደረጃ 5፦ ምልክቱ ከታየ በመጀመሪያው ሰዓት

1. ምግብ አቁሙ። የሆድ ሕክምናዎች አብዛኞቹ ባዶ ሆድ ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ምግብ የተበላበትን ሰዓት ጻፉ። ትንሽ ትንሽ ውኃ መጎንጨት ይቻላል።
2. ታካሚው ስኳር ካለበት ስኳሩን ለኩ። ኢንሱሊን ከወሰደ በኋላ ሳይበላ እንዳይቆይ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩ።
3. ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጡ። ምልክቱን ይሸፍናል፣ የባክቴሪያ ምርመራውንም ያበላሻል።
4. ወረቀቶቹን፣ ደብተሩንና የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ያዙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ለብቻው ጻፉ።
5. ከተቻለ ቀዶ ሕክምናው ወደተደረገበት ሆስፒታል ሂዱ። ሩቅ ከሆነና ታካሚው ከተዳከመ ግን ቅርብ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በትክክል ተናገሩ። "ሆዱን አመመው" ብቻ ካላችሁ ወረፋ ውስጥ ትቀራላችሁ። እንዲህ በሉ፦ "ከአምስት ቀን በፊት የሐሞት ከረጢቱ በካሜራ ወጥቷል። ከትናንት ጀምሮ እየባሰበት ነው። ትኩሳቱ 38.5 ነው። የሐሞት ቱቦ ችግር እንዳይሆን ሰግተናል፤ ቀዶ ሐኪም እንዲያየው እንፈልጋለን።"

ከዚያ የሚጠበቁት ምርመራዎች እነዚህ ናቸው።

*የደም ምርመራ።* ጠቅላላና ዳይሬክት ቢሊሩቢን (ቢጫነትን የሚያመጣው የሐሞት ቀለም)፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ (ቱቦ ሲዘጋ የሚጨምር ኢንዛይም)፣ የጉበት ኢንዛይሞች፣ የነጭ ደም ሴል ቁጥር፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የደም መርጋት ምርመራ (አይኤንአር) እና የቆሽት ኢንዛይም (ላይፔዝ)። በካሜራ ከተሠራ በኋላ የጉበት ኢንዛይም ለጥቂት ቀናት ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። ቱቦው በተዘጋ በመጀመሪያው ቀን ቢሊሩቢን ገና ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲደገም ጠይቁ።

*አልትራሳውንድ።* ሆድ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩንና ቱቦው መስፋቱን ያሳያል። ነገር ግን የቱቦውን ታችኛ ጫፍ የአንጀት ጋዝ ስለሚሸፍነው እዚያ የቀረ ጠጠር ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል።

*ሲቲ ስካን።* የተጠራቀመ ፈሳሽ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ በደንብ ያሳያል።

*ኤምአርሲፒ።* በኤምአርአይ ማሽን የሐሞት ቱቦዎችን ካርታ የሚያወጣ ምርመራ ነው። ቱቦው የት እንደተቋረጠ ያሳያል። ክሊፖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም ስለሚሠሩ ምርመራውን አይከለክሉም፤ ቢሆንም መኖራቸውን ንገሩ።

*ፈሳሽ መቅዳት።* የተጠራቀመ ፈሳሽ ካለ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይቀዳል፣ ድሬንም ይገባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ፣ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን በደም ውስጥ ካለው 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐሞት እየፈሰሰ ነው።

*ወደ ቤት ሂዱ ከተባላችሁ፦* አትጣሉ፣ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። "ቢሊሩቢኑ ስንት ነው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትስ ስንት ነበር?" "ሆድ ውስጥ ፈሳሽ እንደሌለ በምን ታየ?" "ነገ በስንት ሰዓት ተመልሰን እናሳይ?" መልሱን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ታካሚው ካልተሻለው ቀጠሮውን አትጠብቁ።

*ዊዳል ፖዘቲቭ ነው፣ ታይፎይድ ነው ከተባለ፦* ዊዳል የታይፎይድ የደም ምርመራ ነው፤ ድሮ በነበረ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የታይፎይዱ መድኃኒት ቢታዘዝም የሆድ አልትራሳውንዱና የጉበት ምርመራው እንዳይቀር ጠንክራችሁ ጠይቁ። በእኔ እምነት በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

*ሆስፒታሉ አቅም ከሌለው፦* መጀመሪያ ፈሳሽ፣ አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ይጀመር፣ ከዚያ ሪፈር ይጻፍ። ያለ ሕክምና ረጅም መንገድ አትጀምሩ። የሚቀበለው ሆስፒታል አልጋ እንዳለው በስልክ እንዲረጋገጥ አድርጉ፤ የምስል ምርመራዎቹን ሲዲ ወይም ፊልም ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 7፦ ኢአርሲፒ ከታዘዘ

ኢአርሲፒ በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚሠራ ሕክምና ነው። ካሜራው በጨጓራ አልፎ ትንሹ አንጀት ላይ ያለውን የሐሞት ቱቦ መውጫ ያገኛል። ሐኪሙ መውጫውን በትንሹ ቆርጦ ያሰፋል፣ የቀረ ጠጠር ካለ ያወጣል፣ ስቴንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ያስቀምጣል። ያኔ ሐሞቱ በቀላሉ ወደ አንጀት ስለሚወርድ የሚያፈሰው ቀዳዳ ራሱ ይደፈናል። ከተቆለፈችው ቀጭን ቱቦ ጫፍ የሚፈሰው ሐሞት በዚህ መንገድ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ ይቆማል።

*ከመግባታችሁ በፊት፦*
1. ከ6 እስከ 8 ሰዓት አትብሉ።
2. ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ አለርጂ፣ እርግዝና ካለ ንገሩ። በራሳችሁ መድኃኒት አታቋርጡ።
3. አይኤንአር መታየቱን ጠይቁ። ቱቦው ሲዘጋ ሰውነት ቫይታሚን ኬን መሳብ ስለሚያቅተው ደም ቶሎ አይረጋም። ቫይታሚን ኬ በመርፌ ሊያስፈልግ ይችላል።
4. የቆሽት ብግነት መከላከያው ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። በፊንጢጣ የሚሰጥ 100 ሚሊ ግራም ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ ነው። ለሁሉም አይሆንም፤ የኩላሊት ችግር ካለ ንገሩ።
5. ሰው ሠራሽ ጥርስ አውልቁ።

*ከወጣችሁ በኋላ፦* ሆድ ላይ ከባድ ሕመም ተነስቶ ወደ ጀርባ ከሄደና ትውከት ካለ፣ ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ከኢአርሲፒ በኋላ የሚመጣው ዋናው ችግር ይህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይታያል። ምግብ አትጀምሩ፣ ወዲያው ተመለሱ። ከተቆረጠው መውጫ የሚመጣ ደም ግን እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ጥቁር ሰገራን ተከታተሉ።

*ኢአርሲፒው ካልተሳካ፦* በካሜራው በኩል ወደ ሐሞት ቱቦው የሚገባው ቀጭን ሽቦ ወደ ላይ አላልፍ ካለ ዋናው ቱቦ ተቆርጦ ወይም በክሊፕ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ያለ ምክንያት ደጋግሞ መሞከር ቆሽትን ይጎዳል። ቀጣዩ መንገድ በቆዳና በጉበት በኩል ከላይ ቱቦ ማስገባት ነው። ወደ ደረጃ 10 እለፉ።

ደረጃ 8፦ ድሬን ይዛችሁ ቤት ከገባችሁ

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በፊትም በኋላም።
2. በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መስፈሪያ ባለው ዕቃ ቅዱ። ሚሊ ሊትሩን፣ ቀለሙንና ሽታውን ጻፉ።
3. ፈሳሹ የሚጠራቀምበት የድሬኑ ከረጢት ሁልጊዜ ከሆድ በታች ይንጠልጠል። ስትተኙም አልጋው ላይ አታስቀምጡት።
4. ቱቦውን ከቆዳ ጋር በፕላስተር ሁለት ቦታ ያዙት። አንድ ቦታ ቢላቀቅ ሌላው ይይዘዋል።
5. አትቆልፉት። በሲሪንጅ ማጠብ ያለበት ነርስ ያሳየችው ሰው ብቻ ነው፤ በታዘዘው መጠንም ይሁን። የሚታጠብበት ጨው ውኃ አላልፍ ካለ በኃይል አትግፉ።

*ድሬኑ ከወጣ፦* መልሳችሁ አትክተቱት። በንጹሕ ጋዝ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

*ፈሳሹ ድንገት ከቆመ፦* ቱቦው ተጣጥፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጣጠፈና ታካሚው ሕመም ወይም ትኩሳት ካለው ተደፍኗል ማለት ነው፤ ሂዱ። ፈሳሹ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ታካሚው እየተሻለው ከሆነ ግን የመዳን ምልክት ነው።

*ፈሳሹ በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ፦* ሰውነት ውኃና ጨው እያጣ ነው። ለሐኪሙ በዚያው ቀን ንገሩ። እስከዚያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ይጠጣ። በዚህ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ መጾም አደገኛ ነው። የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼኹን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

*ቀለሙ ከተለወጠ፦* ወደ ቀይ ደም፣ ወይም ወደሚሸት መግል ከተለወጠ ቀኑን አታሳልፉ።

ደረጃ 9፦ ስቴንቱ የሚወጣበትን ቀን አትርሱ

ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ፦ "ስቴንቱ ፕላስቲክ ነው ወይስ ብረት? መቼ ይወጣል? የት?" ለሐሞት መፍሰስ የሚገባው የፕላስቲክ ስቴንት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሊደፈንና ብርድና ትኩሳት ያለው ከባድ የቱቦ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ሕመሙ ስለጠፋ ስቴንቱ ይረሳል። አገር የሚቀይሩ ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ፣ ለሁለት የቤተሰብ ሰዎችም ንገሩ። ከመጓዛችሁ በፊት ማስወጣት ከቻላችሁ አስወጡ።

ደረጃ 10፦ ዋናው ቱቦ ተቆርጧል ወይም ተቆልፏል ከተባለ

ይህ ዜና ቤተሰብን ያናውጣል። የመጀመሪያው ስሜት "አሁኑኑ ክፈቱና አስተካክሉ" ማለት ነው። ሆዱ በሐሞትና በኢንፌክሽን በተሞላበት ሰዓት በክር የሚሰፋ ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ አይይዝም፣ በኋላም ይጠባል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. የፈሰሰው ሐሞት በድሬን ይውጣ።
2. ኢንፌክሽኑ በአንቲባዮቲክ ይገታ።
3. የቱቦው ካርታ በኤምአርሲፒ ወይም በጉበት በኩል በሚገባ ቱቦ ይነሳ። የጉበት ደም ሥርም አብሮ ተጎድቶ እንደሆነ በሲቲ ይታይ።
4. የጉበትና የሐሞት ቱቦ ቀዶ ሕክምና ልምድ ወዳለው ሐኪም ሪፈር ይጻፍ።
5. ጊዜው ሲደርስ ጥገናው ይሠራ።

ጉዳቱ እዚያው በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ታይቶ ልምድ ያለው ሐኪም ካለ ወዲያው ይጠገናል። ዘግይቶ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ተጠብቆ፣ ብግነቱ በርዶ፣ ታካሚው አገግሞ ይሠራል። ዋናው ጥገና የትንሹን አንጀት አንድ ክፍል ወደ ላይ አምጥቶ ጉበት አጠገብ ካለው ጤነኛ ቱቦ ጋር መስፋት ነው።

ሐኪሙን ይህን ጠይቁ፦ "ይህን ጥገና በየጊዜው ትሠራላችሁ?" ጥያቄው ስድብ አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ የመጀመሪያው ጥገና ጥራት የቀሪውን ዕድሜ ይወስናል፤ ከተበላሸ በኋላ የሚደረገው ሁልጊዜ ይከብዳል።

በሚጠበቅባቸው ሳምንታት ታካሚው ይብላ፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ክብደቱ በየሳምንቱ ይመዘን። የሚያሳክከው ከሆነ ጥፍሩን አሳጥሩ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ለማሳከኩ የሚሆን መድኃኒት ከሐኪም ይጠየቅ። ቢጫነት እያለ ፓራሲታሞልም ቢሆን ሐኪም በወሰነው መጠን ብቻ ይወሰድ።

ደረጃ 11፦ ከሳምንታት፣ ከወራት፣ ከዓመታት በኋላ

*ደም።* በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጎዳ ደም ሥር አብጦ ወደ ሐሞት ቱቦ ሊደማ ይችላል። በጣም ብርቅ ነው፣ ግን ይገድላል። ከላይ በቀኝ በኩል ሕመም፣ ቢጫነት፣ እንዲሁም ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ አብረው ከመጡ አምቡላንስ ጥሩ። "ከሐሞት ቀዶ ሕክምና በኋላ ነው" በሉ፤ ካልተነገረ የጨጓራ ቁስል ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

*የቀረ ጠጠር።* በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ልክ እንደ ድሮው የሐሞት ሕመም ያለ ሕመም ይመለሳል። "ከረጢቴ ስለወጣ ጠጠር ሊኖረኝ አይችልም" አትበሉ። ጠጠር ቱቦ ውስጥ ይቀራል፤ አዲስም ሊፈጠር ይችላል። አልፎ አልፎ ከቦታው የተንሸራተተ ክሊፕ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ጠጠር ይሠራበታል።

*ሆድ ውስጥ የወደቀ ጠጠር።* ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በቀኝ ጎን ወይም በጀርባ በኩል መግል ይቋጥራል። እየተከፈተ እየተጠረገ የማይድን እብጠት ካለ የድሮውን የቀዶ ሕክምና ሪፖርት አሳዩ።

*የቱቦ መጥበብ።* ከጉዳት ወይም ከጥገና በኋላ ከወራት እስከ ብዙ ዓመታት ባለው ጊዜ ይመጣል። አንዳንዴ ምልክቱ የአልካላይን ፎስፋቴዝ መጨመር ብቻ ነው። ስለዚህ ጥገና የተደረገለት ሰው በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ የጉበት ምርመራ ያድርግ። ሕመም ባይኖርም ያድርግ። ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ላይ ከነቀናቸው ደርድሩ፤ አዲስ ሐኪም ሲያያችሁ መጀመሪያ ያንን ገጽ ስጡት።

ጥገና የተደረገለት ሰው የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከትኩሳት ጋር ከመጣበት፣ አሥር ዓመት ቢያልፈውም በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ወባ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ የወባውን ምርመራ አስደርጉ፤ ነገር ግን የጉበት ምርመራውም አብሮ ይሠራ። የደም ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት እንዲወሰድ ጠይቁ፣ የቱቦው አልትራሳውንድም በዚያው ቀን ይደረግ።